«ማንንም አይጎዳም» ያልኳት መስመር

ቃል ሰው ይገድላል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ግጥም የሚወዱ ሰዎች እንዲህ ማለት ያስደስታቸዋል። እኔም መድረክ ላይ ቆሜ ብዬዋለሁ፤ ተጨብጭቦልኝም ያውቃል። አንድ የኅዳር ጠዋት ሸቤ ላይ፣ የጻፍኳት አንዲት መስመር አንድ ሽማግሌ በብረት በርሜል ውስጥ ስታንከባልል እስካይ ድረስ ግን የምለውን ነገር አላውቀውም ነበር።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ቢንያም እባላለሁ፤ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የምኖረው ጂማ ሰቶ ሰመሮ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። ግጥምን ከተዋስኳቸው መጻሕፍት፣ ኮድ መጻፍን ደግሞ ከስልኬ ተማርኩ። አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አይሆንልኝም። እናቴ «እግርህ ውስጥ ጉንዳን አለ» ትለኝ ነበር። ጉንዳኑ እግሬ ውስጥ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት።

ሥራ የሰጠችኝ ሰሚራ ናት። ኢንጂነር ናት፤ ከእኔ በአምስት ዓመት ትበልጣለች፤ ጅሬን ዳገቱ ላይ በአባቷ ግቢ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ አላት። እዚያ የቡና ማድረቂያ ሠራን። በለቀማ ወቅት ያልታሰበ ዝናብ ሲመጣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ይሻግታል፤ የዚህ አገር ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። የእኛ ማሽን በጎኑ የተኛ ትልቅ የብረት በርሜል ነው። ሞቅ ያለ አየር ይነፋበታል፤ ሦስት ደቂቃ ይዞራል፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያርፋል። የምታዘው አንድ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ናት። ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ ያለው በከርነሉ ውስጥ ነው፤ ከርነል ማለት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚታዘዝለት ክፍል ነው። እዚያ የተሳሳተ ሰው የሚያርመው የለም።

አሁን አንድ ነገር በትዕግሥት ስሙኝ፤ ያለ እሱ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ቡና ማጠቢያ ጣቢያ በር ላይ የሚሰቀለውን ጥቁር ሰሌዳ አስቡ። አንዱ የገንዳዎቹን ሁኔታ እየጻፈ ሳለ ሌላው መጥቶ ያነባል። ጸሐፊው «ጨርሻለሁ» አይልም፤ አንባቢውም «ጨርሰሃል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። በኮድ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር የመረጃ ሽሚያ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። አንዳንዴ ግን እያወቁ ይተዉታል። አንባቢው የሚፈልገው በግምት ማወቅ ብቻ ከሆነ፣ ለእሱ ሲባል ሁሉን ሰው ማሰለፍ ከንቱ ነው። ያኔ ኮዱ ላይ ምልክት ይደረግና ለምን እንደተተወ ከጎኑ ይጻፋል።

ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሽሚያ የሚፈልገውን መርማሪ ፕሮግራም «ዝም በል፣ አውቀን ነው» ይለዋል፤ ከዚያ ሌላ የሚያደርገው የለም። ሌላኛው ግን ኮምፓይለሩን፣ ማለትም የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠውን፣ «ባስፈለገ ቁጥር ሄደህ ሰሌዳውን በዓይንህ እይ» ብሎ ያስገድደዋል። ማስገደድ ለምን አስፈለገ? ኮምፓይለር ብልጥ ሰነፍ ነው። ካልከለከሉት ጠዋት አንዴ ሰሌዳውን አይቶ ቀኑን ሙሉ በዚያው ይምላል።

ማሽኑን ከጂማ ውጭ ሸቤ ወደሚገኝ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ከመውሰዳችን ሳምንት ቀደም ብሎ መርማሪው አርባ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣልን።

«ቢኒ፣ አንድ በአንድ እያቸው» አለችኝ ሰሚራ። «ስህተት የሆነውን ለእኔ አምጣ። ሆን ብለን የተውነው ላይ ምልክት አድርግና ምክንያቱን ጻፍ።»

«በአማርኛ?»

«ኤዬ፣ በአማርኛ። ግን ግጥም አላልኩህም፣ ዋላሂ!»

ሳቅን። የመጀመሪያዎቹን አሥር በወጉ ሠራኋቸው። እያንዳንዱን ማን እንደሚጽፈው፣ ማን እንደሚያነበው፣ አንባቢው አሮጌ ወሬ ቢደርሰው ምን እንደሚሆን ተከታተልኩ። ከዚያ ጉንዳኑ ተነሣብኝ። ቅዳሜ ግጥም የማቀርብበት ዝግጅት ነበር፤ ሐሳቤ እዚያ ሄደ። ኮዱን ማንበብ ትቼ ዓረፍተ ነገሮቼን ማንበብ ጀመርኩ። ቃል ስመርጥ፣ ሳስማማ፣ ሳሳጥር ዋልኩ። ከቀሩት በአንደኛው፣ በርሜሉ ሲያርፍ «አቁም» ተብሏል ወይስ አልተባለም ብሎ የሚያነበው ቦታ ላይ፣ ዝም የሚያሰኘውን ምልክት አደረግሁና ይህን ጻፍኩ፦

«ይህ ሽሚያ አውቀን የተውነው ነው። ዜናው ቢዘገይም መንገዱን አይስትም፤ የዘገየ ዜና እዚህ ማንንም አይጎዳም።»

ሰሚራ ሥራዬን ስታይ እዚያ ላይ ቆም አለች። «ይቺ ደስ ትላለች» አለችና አለፈች። ቀኑን ሙሉ ኮራሁ።

ወርክሾፑ ውስጥ ደጋግመን ሞክረነዋል። በርሜሉ እየዞረ ቀዩን ቁልፍ እንጫናለን፤ ይቆማል። እንደገና ይዞራል፤ እንጫናለን፤ ይቆማል። ሁልጊዜ እየዞረ ነበር የምንሞክረው። የቆመ ነገር ይቆም እንደሆነ ማን ይሞክራል? ወደ ሸቤ ስንወስደው ደግሞ ሥራ ስለሚያንቀራፍፍ መርማሪውን አወጣነው። ለካ መርማሪው እያንዳንዱን ንባብ ሲከታተል ኮምፓይለሩም መስነፍ አልቻለም ነበር። ሲወጣ ሰነፈ።

ማጠቢያ ጣቢያው ከሸቤ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ነው። ኃላፊው አባ ፊጣ ይባላሉ፤ ጥቂት የሚናገሩ፣ ብዙ የሚያዩ ሰው ናቸው። በደረስን በሦስተኛው ቀን ጠዋት እሳቸውና ሰሚራ ላይኛው ቢሮ ነበሩ። እኔ በርሜሉ አጠገብ ግንድ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ለቃሚዎቹ ሴቶች ፊት ለፊቴ አልጋው ዙሪያ ቆመው የተሰባበረውን ቡና ይለቅማሉ።

በርሜሉን የሚያጸዱት ጋሽ ማርቆስ ናቸው። ከዳውሮ መጥተው ሸቤ ከከተሙ ብዙ ዘመናቸው ነው። ቀጭን፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ እጃቸው ሥራ ከያዘ መዝሙር ከአፋቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ግድግዳው ላይ የተጣበቀው ቡና ካልተፋቀ ስለሚያር፣ ሰው በበርሜሉ አፍ ገብቶ በብሩሽ መፋቅ አለበት። ግድግዳው ላይ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ ቢያወርዱት ሞቃቱን አየር የሚነፋው ማራገቢያም ስለሚጠፋ አጠገቡ የተተከለው ሁለተኛው በርሜላችን ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ የሚጫኑት ቀዩን ቁልፍ ነው። ቁልፉ ሲጫኑት ከላዩ ያለው፣ በባትሪ የሚሠራው መብራት ይቀላል፤ መልሰው ሲጫኑት ይጠፋል።

ጋሽ ማርቆስ ብሩሻቸውን ይዘው በርሜሉ እስኪያርፍ ቆመው ጠበቁ።

«ጋሼ፣ እየዞረ ለምን አይጫኑትም? ወዲያው ይቆማል እኮ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የሚሮጥ በሬ ቀንዱ አይያዝም። እሱ ራሱ ይረፍ፤ ሲያርፍ እነግረዋለሁ።»

አባባሉን ወደድኩት። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። እዩኝ እንግዲህ! ሰውዬው እኛ አንድም ቀን ባልሞከርነው ሰዓት እንደሚጫኑ በአፋቸው እየነገሩኝ፣ እኔ የያዝኩት በሬውን ነበር።

በርሜሉ አረፈ። ጥቂት ቆይተው ቁልፉን ተጫኑ፤ መብራቱ ቀላ። «አየኸው? ዓይኑ ቀላ» አሉኝ። ከዚያ የላስቲክ ቦት ጫማቸውን አወለቁና በርሜሉ አፍ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። የጣቢያው ልማድ ነው። ገንዳ ይሁን ጉድጓድ፣ ሰው ሲገባ ጫማው አፉ ላይ ይቀራል፤ ጫማ ባለበት ማንም ምንም አይነካም። እየሳቅሁ «ይሄ እኮ የእኛ ምልክት ነው!» ብዬ አሰብኩ። ስለ ጫማው ግጥም ልጀምር ገጽ ገለበጥኩ።

ከውስጥ መዝሙሩ ተነሣ። በርሜሉ ድምፁን ያጎላዋል።

ከለቃሚዎቹ ትልቋ አዴ ዘይነባ ናቸው፤ ጣቢያውን በምላሳቸው የሚገዙ ሴት። «ማርቆስ፣ ዝማሬህን ቀንስ! ቡናው ጴንጤ ሆኖ እንዳይወጣብን!» ብለው ጮኹ።

«ይውጣ! ቢያንስ ጫት አይቅምም!» አሉ ጋሽ ማርቆስ ከውስጥ።

ሴቶቹ በሳቅ አለቀሱ። ሳቁ ሳያልቅ የማርሹን ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ።

መዝሙሩ ቃል መሐል ላይ ተቆረጠ። በርሜሉ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ የታየኝ ጫማው ነው፤ አንደኛው ወደ ጎን ወደቀ። ከዚያ ውስጥ የከባድ ነገር መውደቅ ተሰማ፤ ከዚያ እንደገና፤ ከዚያ የሰው ድምፅ የማይመስል የሰው ድምፅ።

ሮጥኩ። ወደ ቀዩ ቁልፍ ሮጥኩ። ተጫንኩት፤ አልቆመም። እንደገና ተጫንኩት። እንደገና። መብራቱ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል፤ በርሜሉ ይዞራል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይሰማኛል ብዬ ነበር። ከኋላዬ ሴቶቹ «ዳቢ! ዳቢ!» ይላሉ፤ አቁም፣ አቁም። እኔ ግን ጣቴን ከዚያች ቁልፍ ላይ ማንሣት አቃተኝ።

አዴ ዘይነባ በትከሻቸው ገፍትረውኝ አለፉ። ግድግዳው ጋ ደርሰው ዋናውን ማጥፊያ በሁለት እጃቸው ወደ ታች ጎተቱት። ማራገቢያው እያቃሰተ ቆመ። በርሜሉ ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ።

ጋሽ ማርቆስን ጎትተን አወጣናቸው። ግንባራቸው ይደማል፤ የግራ ክንዳቸው መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ዓይናቸውን ገልጠው አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «ተጭኜው ነበር።»

አባ ፊጣ እየሮጡ ደረሱ። ሰውዬውን አዩ፤ ቁልፉን አዩ። መብራቱ ጠፍቷል። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሳይጫን ነው የገባው» አሉ።

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። መብራቱ ቀልቶ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። አፌ አልተከፈተም። እስከ ዛሬ የማፍረው በበርሜሉ አይደለም፤ በዚያች ዝምታ ነው። በርሜሉን ሳላውቅ ነበር። ዝም ያልኩት ግን እያወቅሁ ነው።

በጣቢያው ፒካፕ ወደ ጂማ በረርን። ሰሚራ ከሹፌሩ ጎን ናት፤ እኔ ከኋላ ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ ይዣለሁ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ያቃስታሉ። መንገዱን ገፋ ካደረግን በኋላ ወደ ላይ አዩኝና፦

«ሰማኸኝ አይደል መብራቱ ቀላ ስልህ?» አሉ።

«ይረፉ ጋሼ፣ አይናገሩ።»

ከተማው ሊታይ ሲል ድምፃቸው በጣም ዝቅ ብሎ እንዲህ አሉ፦ «እንጃ… ረስቼው ይሆናል። አርጅቻለሁ መሰለኝ። አባ ፊጣ ሐሰት አይናገርም።»

ደነገጥኩ የሚለው ቃል አይበቃም። በርሜሉ ክንዳቸውን ነው የሰበረው። አሁን የሚሰበረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ እውነተኛ ሰው ዓይኔ እያየ የራሱን እጅ መጠርጠር ጀመረ።

ሆስፒታል ደርሰን ወደ ራጅ አስገቧቸው። ሰሚራና እኔ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሂጃቧ ላይ ደም አለ።

«አንተ እዚያ ነበርክ» አለች። «ተጭኗል ወይስ አልተጫነም?»

«ተጭነዋል። መብራቱ ቀልቶ ነበር። እኔ ነኝ ደጋግሜ ስጫን ያጠፋሁት።»

«ያ ረቢ!» አለችና ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። ያቺን ቦታ ፈልጋ አገኘች። ከዚያ ጮክ ብላ፣ አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ዜናው ቢዘገይም። መንገዱን አይስትም። ማንንም አይጎዳም። ከፊታችን አንዲት እናት የታመመ ልጇን አዝላ አለፈች። የራሴን ቃል በሰው አፍ መስማት በሕይወቴ ሙሉ የምመኘው ነገር ነበር።

«እየው» አለች ሰሚራ። «በርሜሉ ማረፍ ሲጀምር ኮዱ አንዴ አነበበው። 'አልተባለም' የሚለውን ያዘ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሰሌዳውን ዞር ብሎ አላየም። እሳቸው የተጫኑት ካነበበ በኋላ ነው። መዞር ሲጀምርም ያንኑ አሮጌ ወሬ ይዞ ስለቀጠለ አንተንም አልሰማህም። ዜናው አልዘገየም ቢኒ፤ ጭራሽ አልደረሰም።»

«ምልክቱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«እኔስ? አንብቤ ነው ያሳለፍኩት። ያሳለፍኩት ደግሞ ስለገባኝ አይደለም፤ ስላማረኝ ነው።» ላፕቶፑን ዘጋችው። «ደግሞስ የሰው ነፍስ በኮድ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል? የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ይሄ የእኔ ነው።»

ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ከተናገርን ማሽኑን ያነሡታል። ወርክሾፑ ያለው ይሄ አንድ ሥራ ብቻ ነው» አለች።

«ካልተናገርንስ?»

ስልኳን አውጥታ የአባ ፊጣን ቁጥር ደወለችና ለእኔ ሰጠችኝ።

«አባ ፊጣ፣ ቢንያም ነኝ፤ የማሽኑ ልጅ። ጋሽ ማርቆስ ተጭነዋል። በዓይኔ አይቻለሁ። መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የጻፍነው ኮድ ነው።»

የወንዙ ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል።

«ጠዋት እዚያው ቆመህ ለምን አልተናገርክም?» አሉ።

«ፈራሁ።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ… እኔንም ሰው በሐሰት አስከሰስከኝ ማለት ነው። ማሽናችሁ ይቁም፤ ማንም አይቀርበውም። ለእሱ ራስህ ንገረው። እኔም ነገ መጥቼ ይቅር በለኝ እለዋለሁ።»

ጋሽ ማርቆስ ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ ተኝተው ነበር። አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በደህናው እጃቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ።

«ተጭኜው ነበር ማለት ነው» አሉ። «ተመስገን ጌታዬ። አእምሮዬ አልተወኝም።» አለቀሱ። ሲረጋጉ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ብለህ ነበር የጻፍከው? እስቲ አንብብልኝ።»

«ጋሼ፣ ይቅርብኝ…»

«አንብብ ልጄ።»

አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ስብከት እንደሚሰማ ሰው።

«ያምራል» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። «ግን ገብተህ አይተህ ነው የጻፍከው?»

«አላየሁም ጋሼ።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብዙዎቻችሁ ኮድ ጽፋችሁ አታውቁ ይሆናል። ግን «ችግር የለውም» ብላችሁ ፈርማችሁ ታውቃላችሁ። «ጤነኛ ነው»፣ «ታይቷል»፣ «አያሰጋም» የሚሉ ቃላት በየቢሮው፣ በየቤቱ ይጻፋሉ። ከእንዲህ ያለ ቃል በስተጀርባ የሆነ ሰው ጫማውን አውልቆ ይገባል። ስማችንን አያውቅም፤ አምኖን ነው የሚገባው። እኔ ከዚያ ቀን በፊት የሚያስፈራኝ አስቀያሚ ዓረፍተ ነገር ነበር። አሁን የሚያስፈራኝ ያማረው ነው፤ ሰው ሳይጠይቅ ያሳልፈዋል። ግጥም አልተውኩም፤ ግን ያላየሁትን አልጽፍም። ስለዚህ ጥቂት ነው የምጽፈው።

ወርክሾፑ አልተዘጋም፤ ለመዘጋት ግን አንድ ጣት ነበር የቀረው። አባ ፊጣ የፈቀዱልን አንድ ሙከራ ብቻ ነው። ሰሚራ የሞተሩን ኤሌክትሪክ ብቻ የሚቆርጥ ማጥፊያ ሠራች፤ መክፈቻ ቁልፉ ተነቅሎ በርሜሉ ውስጥ በሚገባው ሰው ኪስ ይቀመጣል። እኔ ያቺን መስመር ሰርዤ በሁለተኛው ምልክት ለወጥኳት። ከዚያ አርባ አንዱንም እንደ አዲስ አየሁ፤ እንደ እሷ ያሉ ሌሎች ሁለት አገኘሁ። በርሜሉን ባዶውን፣ ባረፈ በየደቂቃው እየተጫንን ስንሞክረው ቀናት ፈጀብን። ከአዲሱ ምልክት ጎን የምትጻፈዋን ምክንያት ግን ባዶ ተውኳት።

በሙከራው ቀን ጋሽ ማርቆስ ክንዳቸውን በነጠላ አንገታቸው ላይ አስረው መጡ።

«ዛሬ የምገባው እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጫማህን አስቀምጥ፣ ገጣሚው!» አሉ አዴ ዘይነባ። አንድም ሰው አልሳቀም።

በርሜሉ አረፈ። ጋሽ ማርቆስ በደህናው እጃቸው ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ። ጫማዬን አፉ ላይ አስቀምጬ ገባሁ። የሞተሩ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እንደማይዞር አውቃለሁ። ቢሆንም ኪሴን ደግሜ ዳበስኩ። ውስጡ ይሞቃል፤ ይጨልማል፤ ያረረ ቡና ይሸታል። ብረቱ ላይ መዳፌን ሳሳርፍ ረጅም ጭረት አገኘሁ፤ የብሩሽ ነው ወይስ የጥፍር፣ አላወቅሁም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት። አሥራ አራት። ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ስወጣ ላቤ ሸሚዜን አርሶታል። ጋሽ ማርቆስ ጫማዬ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።

«አየህ?» አሉኝ።

«አየሁ ጋሼ።»

በእግራቸው ጫማዬን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«እንግዲህ አሁን ጻፍ።»